ቋጣሪ ሲሏችሁ



 ዛሬ እዚህ ቆሜ እንድናገር የደወለልኝ ልጅ «ጋሼ፣ ስለ ፖከር ይንገሩን» ሲለኝ ቶሎ የታዩኝ ፊት ለፊት የሚቀመጡት እናቶች ናቸው። ስለዚህ ከእነሱ ጋር ያለኝን ጉዳይ በቅድሚያ ልጨርስ። ቁማር ጥሩ ነው ልል አልመጣሁም። የቤት ኪራዩን ይዞ ካዚኖ የሚገባ ሰው ዛሬ ከእኔ የሚማረው ነገር የለም፤ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ነገር ግን የምንኖረው ላስ ቬጋስ ነው። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰፈር የሰየመልን እዚሁ ነው። በመካከላችን ካርታ እያደለ ልጅ የሚያሳድግ አለ፣ ሌሊት ተጫዋች በታክሲ የሚያመላልስ አለ፣ በእረፍት ቀኑ ራሱ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥም አለ። የተቀመጠ ሰው ደግሞ አውቆ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ርእሴ ጠባብ ነው። ጠረጴዛው ቋጣሪ ነው ብሎ ሲያስባችሁ አጨዋወታችሁን እንዴት ታስተካክላላችሁ? ቋጣሪ የምለው እዚህ አገር ታይት የሚሉትን ሰው ነው፤ ከሚደርሰው እጅ አብዛኛውን የሚጥል፣ ገንዘብ ሲያስገባ ግን ደህና ካርታ ይዞ የሚያስገባ። ተቃራኒውን፣ በማንኛውም ካርታ የሚገባውን፣ በታኝ እለዋለሁ።

ሦስት ነገር እናያለን። ስሙን ማን እንዳመነው፣ ስሙ ምን እንደሚያስገኝ፣ ስማችሁ እያለ ሰው ሲገጥማችሁ ምን እንደምታደርጉ። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነው፤ የሚወራለት ግን ሁለተኛው ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁ ባጭሩ ልበል። የምናወራው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይሰጣል፤ ከዚያ የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መሐል ላይ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስት በአንዴ፣ ፍሎፕ ይባላል፤ ቀጥሎ አንድ፣ ተርን፤ መጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። በየመሐሉ ገንዘብ ይገባል። ይህን ከያዛችሁ ሌላውን ትከተሉኛላችሁ።

ስሙ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከጠባይ አይመጣም፤ ከቁጥር ይመጣል። ከ52 ካርታ ሁለት ሁለት እያደረግን ብናወጣ 1,326 ዓይነት እጅ እናገኛለን። ከነዚህ ውስጥ ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኪንግ፣ ሁለት ኩዊን፣ ወይም ኤስና ኪንግ የሆኑት 34 ብቻ ናቸው። በአማካይ ከ39 እጅ አንዱ ማለት ነው። ካዚኖ ውስጥ ደግሞ ካርታ አዳዩ፣ ዲለሩ፣ ፈጣን ቢሆን እንኳ በሰዓት የሚታደለው 30 እጅ ገደማ ነው። እንግዲህ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ አንድም የሚያኮራ ካርታ ያላየ ሰው ቢኖር ምንም አይገርምም። ካርታ እምቢ ብሎት እየጣለ ነው፤ የጎረቤቱ ወንበር ግን «ይሄ ሰውዬ ቋጣሪ ነው» ብሎ መዝግቦታል።

ሌላው ምንጭ መልክ ነው። ይህን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሽበት ያለው፣ ሻዩን አጠገቡ አስቀምጦ ዝም የሚል አበሻ ወንበሩን ሳያሞቅ ስም ይወጣለታል። ሴት ተጫዋቾችም እንደዚያው፤ አንዲት እናት ስትቀመጥ ወንዶቹ ይህቺ ያለ ጥሩ ካርታ አትገባም ብለው ይደመድማሉ። ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ግን በነጻ የተሰጠ ስለሆነ ልንቆጣበት አይገባም፤ ልንሠራበት እንጂ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ስሙን ማን አመነው?

ዲለር የሆናችሁ ከእኔ የበለጠ ትመሰክራላችሁ። ዘጠኝ ሰው ይቀመጣል፤ አንዱ ስልኩ ላይ ኳስ ያያል፣ አንዱ ምግብ ያዛል፣ አንዱ የተበላውን እጅ ለጎረቤቱ ለሦስተኛ ጊዜ ይተርካል። እናንተ ሁለት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት የጣላችሁትን ካርታ ያየ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ያላየ ሰው ዘንድ ስም የላችሁም። ጥንድ ካርታ ከያዘ ኮል ያደርጋችኋል፣ ያስገባችሁትን ያህል አስገብቶ ይከተላችኋል ማለት ነው፤ እናንተም «እኔ እኮ ቋጣሪ ነኝ፣ እንዴት አላመንከኝም» ብላችሁ ትናደዳላችሁ። ምን ያድርግ? እሱ ኳስ እያየ ነበር።

ባዶ ካርታ ይዞ ማስፈራራት፣ ብለፍ የምንለው ነገር፣ የሚሠራው የሚያስብ ሰው ላይ ነው። በ2003 የወርልድ ሲሪስ ኦቭ ፖከር ዋናው ውድድር ላይ 839 ሰው ገብቶ ሁለት ቀሩ። አንዱ ሳሚ ፋርሃ ነው፣ ልምድ ያለው ባለሙያ። ሌላው ክሪስ ሞኒሜከር፣ ኢንተርኔት ላይ በተደረገ የማጣሪያ ጨዋታ አልፎ የመጣ የቴነሲ የሒሳብ ሠራተኛ። በአንዱ እጅ ሪቨሩ ሲገለጥ ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ነበረው፤ ከጋራ ካርታዎቹ ትልቁ ዘጠኝ ነው። ሞኒሜከር የያዘው ኪንግና ሰባት ነበር፣ አንድም ነገር አልሠራም። ያለውን ቺፕ ሁሉ ገፋው። ፋርሃ አሰበ፣ አሰበና ጣለ። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ከዚህ የሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ድፍረት አልጠበቀም። በፋርሃ ቦታ ጥንድ ይዞ መጣል የማያውቅ ሰው ቢቀመጥ ኖሮ ያ ብለፍ ይከሽፍ ነበር። ሞኒሜከር በዚያ ዓመት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

በዚያው ጠረጴዛ ሦስተኛ የወጣውን ሰው ልብ በሉልኝ፤ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ የሚያሻግረኝ እሱ ነው።

ዳን ሃሪንግተን ይባላል። ቼዝና ባክጋሞን ተጫውቶ ወደ ፖከር የመጣ ሰው ነው። በ1995 እዚሁ ከተማ፣ በቢኒየን ሆርስሹ፣ ዋናውን ውድድር አሸንፎ 1 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል። ቅጽል ስሙ «አክሽን ዳን» ነው፤ እያንዳንዱ እጅ ውስጥ የሚገባ የሚመስል ስም። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው፤ ሰውየው በቋጣሪነቱ የታወቀ ነበር። በ2004 ደግሞ 2,576 ሰው በገባበት ውድድር እንደገና የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ፣ አራተኛም ወጣ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያደረገውን እስከ ዛሬ ሰው ያነሣዋል። ጆሽ አሪየና ግሬግ ሬመር አንዱ ሬዝ አድርጎ፣ ማለትም ገንዘቡን ከፍ አድርጎ፣ ሌላው ተከትሎት ገንዘባቸውን አስገብተዋል። ሃሪንግተን በሁለቱ ላይ ትልቅ ሬዝ ጨመረ። ሁሉም ጣሉ። የያዘው 6 እና 2 ነበር፤ የእኛ ልጆች በአምስት ዶላር ጨዋታ እንኳ የማይነኩት ካርታ።

ለምን ሠራ? መጀመሪያ ሬዝ ያደረገው ሰው መካከለኛ ካርታ ሊኖረው ይችላል። የተከተለው ሰው ደግሞ በጣም ጥሩ ካርታ ቢኖረው ራሱ ከፍ ያደርግ ነበር፤ ዝም ብሎ መከተሉ ድክመቱን ነግሯል። የመጀመሪያው ሰው ከፊቱ ቋጣሪው፣ ከኋላው ገና ያልወሰነው ተከታይ አሉበት፤ መሐል ተጨመቀ። ስኩዊዝ የሚሉትም ለዚህ ነው። ሃሪንግተን ያን ቀን የተጫወተው በስሙ ነው እንጂ በካርታው አልነበረም።

ስም የባለሱቅ ዱቤ ነው። ሳትከፍሉ ዕቃ ትወስዳላችሁ፤ ደብተር ላይ ግን ይጻፋል።

ስለዚህ ዱቤው ስንት እንደሆነ እናስላ። የ1 እና 3 ዶላር ጨዋታ ነው እንበል፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት። አንድ ሰው 15 አደረገ፣ ሌላው 15 ብሎ ተከተለ፣ ካርታ ሳይታይ በግዴታ ከሚገቡት ከብላይንዶቹ 4 አለ፤ መሐል ላይ 34 ዶላር ተቀምጧል። እናንተ 75 ታደርጋላችሁ። 34ን ለማግኘት 75 አስቀመጣችሁ ማለት ነው። ሌላውን ሁሉ ብንተው፣ ይህ ነገር እንዲያዋጣ ከ100 ጊዜ 69 ያህሉን ሁለቱም መጣል አለባቸው። እያንዳንዳቸው ከ100 ጊዜ 85 የሚጥሉ ከሆነ ሁለቱም የሚጥሉት 72 ጊዜ ያህል ነው፤ ያዋጣል። 80 የሚጥሉ ከሆነ ግን 64 ብቻ ይሆናል፤ ትከስራላችሁ። አያችሁ ልዩነቱን? 85 እና 80። ስማችሁ የሚገዛላችሁ ያችን አምስት ነው። ለዚህ ነው ኳስ የሚያየው ሰውዬ እጁ ውስጥ ካለ የሃሪንግተንን ጨዋታ አትሞክሩት የምለው።

ካርታውንም ምረጡ። እኔ 6 እና 2 አልመክርም፤ ሃሪንግተን ሃሪንግተን ነው። አንድ ኤስ ይዛችሁ ብታደርጉት ይሻላል፣ ለምሳሌ ኤስና አምስት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት። አንዱ ኤስ እናንተ ጋ ሲሆን ሌላው ሰው ሁለት ኤስ ሊይዝ የሚችልበት መንገድ ከ6 ወደ 3 ይወርዳል፤ ኤስና ኪንግ የሚይዝበትም ከ16 ወደ 12። የምትፈሩትን ካርታ ከእጁ ቀንሳችሁለታል። ኮል ቢያደርጋችሁም አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ሊሞላ፣ ኤስ ሊመጣ ይችላል።

ያንን ከ39 አንድ የሚለውን ቁጥርም አትርሱት። ሰዎቹ በሬዝ ላይ ሬዝ ስታደርጉ የሚያስቡት እነዚያን 34 እጆች ነው። በሰዓት አንዴ ብታደርጉት ከቁጥሩ ጋር ይስማማል፤ ማንም አይጠረጥርም። በግማሽ ሰዓት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁት ግን ቁጥር የማያውቀውም ሰው ይነቃል።

መጠኑ ላይ አንዲት ቃል ብቻ። መሐል ያለውን ያህል ገንዘብ አስገብታችሁ ብለፍ ብታደርጉ ከሁለት ጊዜ አንዱን መሥራት አለበት። ግማሹን ብታስገቡ ከሦስት አንዱ ይበቃል። ቋጣሪ የተባለ ሰው መጮኽ አያስፈልገውም፤ ትንሹ ገንዘብ ይበቃዋል። ጥሩ ካርታም ሲይዝ ያችኑ ትንሽ ያስገባ፤ ደህና ካርታ ይዞ ሰው ሁሉ ሸሽቶበት ባዶ ገበታ ከመሰብሰብ ያድነዋል፣ የቱ የቱ እንደሆነም አይለይበትም።

አሁን ሦስተኛው። እባካችሁ እዚህ ላይ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

ቋጣሪ መሆናችሁን የሚያውቅ፣ የሚያይ፣ የሚያስብ ሰው አለ። እናንተ ገንዘብ አስገባችሁ። እሱ አልሸሸም፤ እንዲያውም ከፍ አደረገባችሁ። ምን ማለት ነው?

በምሳሌ እንየው። ሁለት ኪንግ ደረሳችሁ። 15 አደረጋችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ ተከተለ። ፍሎፑ ላይ ኩዊን፣ ስምንትና ሦስት ወጡ፣ ሦስቱም የተለያየ ምልክት። 20 አስገባችሁ። ሰውየው 70 አደረገው።

ሊይዝ የሚችለውን እንቁጠር። ሁለት ስምንት ከያዘ ሦስት ስምንት ሠርቷል፤ ይህ በ3 መንገድ ይሆናል። ሁለት ሦስት ከያዘም በ3 መንገድ። እነዚህ 6 መንገዶች እናንተን ያሸንፋሉ። ኤስና ኩዊን የሚይዝበት 12 መንገድ አለ፤ ኪንግና ኩዊን የሚይዝበት፣ ሁለቱ ኪንጎች እናንተ ጋ ስለሆኑ፣ 6 ብቻ። እነዚህ 18 መንገዶች በእናንተ ይሸነፋሉ። ሌላም ይኖራል፤ ዋናዎቹ ግን እነዚህ ናቸው።

ስማችሁ በታኝ ቢሆን ኖሮ ሰውየው በኤስና ኩዊንም፣ በኪንግና ኩዊንም ደስ ብሎት ከፍ ያደርግባችሁ ነበር። ከ24ቱ በ18ቱ እናንተ ትቀድማላችሁ፤ ገንዘቡን ሁሉ ታስገባላችሁ፣ ትክክልም ናችሁ።

አሁን ግን ስማችሁ ቋጣሪ ነው። ሰውየው ያስባል፦ «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ሲገባ ሁለት ኤስ ወይም ሁለት ኪንግ ይኖረዋል።» ኤስና ኩዊን ከያዘ ከፍ የሚያደርግበት ምን ምክንያት አለው? ቢበዛ ይከተላል፤ ወይም ይጥላል። ስለዚህ እነዚያ 18 መንገዶች ከሬዙ ውስጥ ወጥተዋል። የቀሩት 6ቱ ናቸው፤ ሁሉም ይበሏችኋል። ካርታው ያው፣ ፍሎፑ ያው፣ 70 ዶላሩም ያው ነው። መልሱ ግን ተገለበጠ፤ ኪንጎቹን መጣል ነው።

ይህን ስናገር ፊታችሁን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ያገኘሁትን ኪንግ ልጣል? አዎ። ሁለት ሰዓት መጠበቃችሁን እኮ ሰውየው አይቷል። አይቶም ነው የገባው። ብዙ ቋጣሪ ተጫዋቾች የሚከስሩት እዚህ ነው፤ በትዕግሥት ሰዓታት ያጠራቀሙትን በአንድ እጅ ያስረክባሉ፣ ከዚያ «ዕድሌ» ይላሉ። ስማችሁን ለብለፍ መጠቀም ብትፈልጉ ተጠቀሙ፣ ባትፈልጉ ተዉት። ስማችሁን ሰምቶ ያልሸሸን ሰው ማመን ግን ግዴታ ነው።

ዴቪድ ስክላንስኪ የሚባል ስለ ፖከር ብዙ የጻፈ ሰው ይህን ከሌላው ወገን አይቶታል። ሬዝ ለማድረግ ከሚበቃው ካርታ ይልቅ ሬዝ ያደረገን ሰው ለመከተል የሚያስፈልገው ካርታ የተሻለ መሆን አለበት ይላል፤ ክፍተት ይለዋል። ሬዝ ያደረገው ቋጣሪ ሲሆን ክፍተቱ ይሰፋል። እናንተ ያ ቋጣሪ ከሆናችሁ እንግዲህ፣ የተከተላችሁ ሰው ያንን ሰፊ ክፍተት ተሻግሮ ነው የመጣው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሌላ ሰው ይገባብናል፤ እሱን ካልለየን የነገርኳችሁ ሁሉ ይጎዳችኋል። ጆሮ ማዳመጫ ያደረገው ወጣት ነው። እሱም ቋጣሪ መሆናችሁን አይቷል፤ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ሌላ ነው፦ «ይሄ ሰውዬ ስለሚጥል ልገፋው።» ብላይንድ በሆናችሁ ቁጥር ሬዝ ያደርግባችኋል፣ ገንዘብ ሳታስገቡ ቼክ ባላችሁ ቁጥር ያስገባል። የመጀመሪያው ሰው በስማችሁ ይፈራችኋል፣ ይህ በስማችሁ ይደፍራችኋል። አንድ ስም፣ ሁለት ምላሽ። ስለዚህ ምን ያስቡኛል ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ እንዲህ ስላሰበ ምን ያደርጋል በሉ።

ደፋሩን በብለፍ አትግጠሙት። ያስገባ። መሐል 60 ዶላር አለ፣ እሱ ሪቨር ላይ 60 አስገባ፣ እናንተ መካከለኛ ጥንድ ይዛችኋል እንበል። 60 ከፍላችሁ 120 ታገኛላችሁ። ሦስት ጊዜ ኮል አድርጋችሁ አንዴ ብታሸንፉ እኩል ወጣችሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ከሦስት ጊዜ ከአንድ በላይ በባዶ የሚያስገባ ከሆነ፣ ያ መካከለኛ ጥንድ የተከበረ ካርታ ነው። የት እንደሚለይ ከጠየቃችሁኝ፣ እናንተ እጁ ውስጥ ሳትሆኑ ተመልከቱት። በሌሎች ቋጣሪዎች ላይም እንደዚሁ ያደርጋል? ሪቨር ላይ ሲገለጥ ምን ይዞ ይገኛል? ካርታ ከጣላችሁ በኋላ ያለው ጊዜ የእረፍት ጊዜ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ይህን ልጨምርና ላብቃ። አንድ ቀን ትያዛላችሁ። በኤስና አምስት የገፋችሁት ብለፍ ኮል ተደርጎ ካርታችሁ ጠረጴዛው ላይ ይገለጣል። ኳስ የሚያየውም ሰው ቀና ብሎ ያያል፤ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም። በዚያች ደቂቃ ስማችሁ ተቀየረ፤ ቋጣሪው በታኝ ሆነ። ለማስተባበል አትሞክሩ፣ አሁን የሚፈራችሁ የለም። ለጥቂት ጊዜ ብለፉን ተዉት፣ ጥሩ ካርታ ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡን ከፍ አድርጉ፤ አሁን የሚከተል ታገኛላችሁ። ኩዊን፣ ስምንትና ሦስት ፍሎፕ ላይ ሁለት ኪንግ ይዛችሁ ያ ሰውዬ እንደገና 70 ካደረገባችሁ፣ ዛሬ ማታ ጣሉ ያልኳችሁን አትጣሉት። 18ቱ መንገዶች ተመልሰዋል።

ጊዜዬን ጨረስኩ መሰለኝ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ዲለሮች ቅድሚያ ይሰጣችሁ፣ የማላውቀውን የምታውቁት እናንተ ናችሁና።